የባለ ወፍጮው ቤተሰብ ታሪክ

የቤተሰብ ታሪክ ማለት አንድ ትውልድ ከየት እንደ ተነሣ፣ በምን ሙያ እንደ ኖረና ለተከታዩ ትውልድ ምን እንዳወረሰ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። አያት ቅድመ አያትን በስም መቁጠር ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ መነሻ ይሆነዋል እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ሰዎቹ ሥራቸውን ለምን እንደ መረጡ፣ ጥቅሙን ማን እንዳገኘና ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ካልተመረመረ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ለዚህም በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ገጠር የኖረውን የባለ ወፍጮውንና የአረቄ አውጪውን የአብርሃም ኦቨርሆልትን ቤተሰብ እንደ ምሳሌ እንመልከት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰቡ የጥንት ስም ኦበርሆልትዘር፣ ቋንቋውም ጀርመንኛ ነበር። እምነታቸው ሜኖናይት የሚባለው የክርስትና ክፍል ነው፤ የዚህ ክፍል ተከታዮች መሐላንና ጦርነትን ስለማይቀበሉ በአውሮፓ ብዙ ስደት ደርሶባቸዋል። በዚህም ምክንያት በ18ኛው መቶ ዓመት ብዙዎቹ የእምነት ነጻነት ወደሚገኝባት ወደ ፔንሲልቬንያ ተሻገሩ። የኦበርሆልትዘር ቤተሰብም በፔንሲልቬንያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በባክስ አውራጃ፣ እያረሰ ይኖር ነበር። አብርሃም በ1784 ተወለደ። በ1800 አባቱ ሄንሪ ቤተሰቡን ይዞ የአሌጌኒን ተራሮች አቋርጦ ወደ ምዕራብ ሄደና ኋላ ዌስት ኦቨርተን ተብሎ በተጠራው ቦታ ሰፈረ። አብርሃም በዚያን ጊዜ የ16 ዓመት ወጣት ነበር፤ የተማረውም ሙያ ሽመና ነበር። የቤተሰቡም ስም ከጊዜ በኋላ ለእንግሊዝኛ አፍ እንዲመች ሆኖ ኦቨርሆልት ተባለ።

ታዲያ ሸማኔው እንዴት አረቄ አውጪ ሊሆን ቻለ? መልሱ የሚገኘው በመንገዱ ላይ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ራይ የሚባለውን፣ የስንዴ ዘመድ የሆነውን እህል በብዛት ያመርቱ ነበር። ገበያው ግን ከተራሮቹ ማዶ ነበር። አንድ የጭነት ፈረስ የሚሸከመው እህል 4 ቡሼል ያህል ብቻ ነው፤ እህሉ ወደ አረቄ ከተለወጠ ግን ያው ፈረስ የ24 ቡሼል እህል ውጤት ሊጭን ይችላል። ስለዚህ አረቄ ለዚያ አገር ገበሬ መጠጥ ብቻ ሳይሆን እህሉን ወደ ገበያ ማድረሻ ዘዴም ነበር፤ አልፎ አልፎም እንደ ገንዘብ ሆኖ ዕዳ ይከፈልበት ነበር።

የፌዴራሉ መንግሥት በ1791 በአረቄ ላይ ግብር በጣለ ጊዜ የምዕራብ ፔንሲልቬንያ ገበሬዎች አጥብቀው የተቃወሙትም ከዚህ የተነሣ ነው። ተቃውሞው በ1794 ወደ ዐመፅ ተለወጠና ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን 13,000 የሚጠጋ ጦር አሰልፎ አበረደው። ግብሩ የተሻረው በ1802 ነው፤ ይኸውም የኦቨርሆልት ቤተሰብ በሰፈረ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው።

ወፍጮና አረቄ ማውጫ አንዱ ከሌላው የማይለይ ሥራ ነው። እህሉ በወፍጮ ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱ በሙቅ ውሃ ይበጠበጥና ብቅል ይጨመርበታል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ጥንስሱ በእሳት ሲፈላ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ይተናል፤ እንፋሎቱም በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የቀረው አተላ ለአሳማና ለከብት ይሰጣል፤ ከብቱም ለማሳው ፍግ ይሰጣል። እንዲህ ሲሆን ከእርሻው የወጣ ነገር ብዙው ተመልሶ ወደ እርሻው ይገባል።

አብርሃም በ1810 ገደማ አረቄ ማውጣቱን ከቤት ሥራነት አውጥቶ ንግድ አደረገው። መጀመሪያ ላይ የሚያወጣው በቀን ከ12 እስከ 15 ጋሎን፣ ማለትም 50 ሊትር ያህል ነበር። እየቆየ ምርቱ በብዙ እጥፍ አደገ፤ በ1838 ለቤተሰቡ ሰፊ የጡብ ቤት ተሠራ፤ በ1859 ደግሞ ወፍጮውንና አረቄ ማውጫውን በአንድነት የያዘ ትልቅ ባለ ብዙ ፎቅ የጡብ ሕንፃ ቆመ። ለሠራተኞችም ቤቶች ስለ ተሠሩ የእርሻው ቦታ መንደር ሆነ። አብርሃም በ1870 ሲሞት ዕድሜው 85 ዓመት ነበር።

የአብርሃም ልጅ ኤልሳቤጥ ጆን ፍሪክ የተባለ ሰው አግብታ ነበር። ባልና ሚስቱ እዚያው እርሻ ውስጥ፣ በምንጭ ላይ በተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ትንሽ ቤት ሲኖሩ በ1849 ሄንሪ ክሌይ ፍሪክን ወለዱ። ሄንሪ በወጣትነቱ በአያቱ አረቄ ፋብሪካ ሒሳብ ያዥ ሆኖ ሠራ። በ1871 ከዘመዱና ከሌሎች ሸሪኮች ጋር ኮክ የማምረት ሥራ ጀመረ፤ ኮክ ከድንጋይ ከሰል የሚገኝና ብረት ለማቅለጥ የሚያገለግል ማገዶ ነው። የፒትስበርጉ የባንክ ባለቤት ቶማስ ሜሎን 10,000 ዶላር አበደረው፤ ሜሎን የእናቱን ቤተሰብ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅ ነበርና የአያትየው መልካም ስም ለልጅ ልጁ ዋስትና ሆነው ማለት ይቻላል። ፍሪክ በ30 ዓመቱ ሚሊዮነር ሆነ።

ይህ ሀብት ግን ሌሎችንም ዋጋ አስከፍሏል። ፍሪክ የካርኔጊ ብረት ኩባንያ ሊቀ መንበር በነበረበት በ1892 በሆምስቴድ ፋብሪካ በደመወዝ ምክንያት ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር ተጣላ። ፋብሪካውን በሠራተኞቹ ላይ ዘጋና 300 ያህል ቅጥር ዘበኞች አስመጣ። ጁላይ 6 ቀን በተደረገው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ፤ የሠራተኞቹም ማኅበር ተሸነፈ። ይኸው ሰው በኑዛዜው የኒው ዮርክ መኖሪያ ቤቱንና የሰበሰባቸውን ሥዕሎች ለሕዝብ ስለ ተወ ቤቱ በ1935 ለተመልካች ተከፈተ። ልጁ ሔለንም በአያቶቿ መንደር በዌስት ኦቨርተን በ1928 ሙዚየም አቋቋመች።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው እያንዳንዱ ትውልድ ከቀደመው የተቀበለውን ይዞ ወደ ሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ስደት ሸሽቶ የመጣው ቤተሰብ እርሻን፣ እርሻው ወፍጮን፣ ወፍጮው አረቄ ማውጫን፣ አረቄ ማውጫውም የከሰልና የብረት ሀብትን አስከተለ። ጸሐፊው ስለ ሥዕሎቹ ጽፎ ስለ ሆምስቴድ ቢያልፍ፣ ወይም ስለ ሆምስቴድ ጽፎ ስለ ወፍጮው ዝም ቢል እውነቱን በግማሽ ይተወዋል። እንግዲህ እናንተም የቤተሰባችሁን ታሪክ ለመጻፍ ስትነሡ አያቶቻችሁ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ብቻ ሳይሆን ለምን ያንን ሥራ እንደ ያዙ፣ ከእነርሱም ጋር እነማን እንደ ደከሙ አዛውንቶቹን በትሕትና ጠይቁ፤ የሚያስመሰግነውንም የሚያስወቅሰውንም በቅደም ተከተሉ ጻፉ።