የኤልቪስ ዘውድ የማን ነው?

ኤልቪስ ፕሪስሊ ሲባል መጀመሪያ ምን ይታይዎታል? ወደ ላይ የተበጠረው ጥቁር ጸጉሩ? የሚያብረቀርቀው ነጭ የመድረክ ልብሱ? ወይስ አባትዎ በወጣትነታቸው የተነሡት፣ እሱን እሱን የሚል የድሮ ፎቶግራፍ? ልጆችዎን ቢጠይቋቸው ደግሞ በ2022 የወጣውንና ኦስቲን በትለር የተወነበትን ፊልም ይጠሩልዎ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልቪስ በ42 ዓመቱ የሞተው ኦገስት 16 ቀን 1977 ነው። በየዓመቱ የሙቱ ዋዜማ ሲደርስ ከየአገሩ የመጡ አድናቂዎቹ በሜምፊስ ከተማ ግሬስላንድ በተባለው ቤቱ ደጃፍ ሻማ ይዘው ይሰለፋሉ፤ በግቢው ውስጥ ወዳለው መቃብሩም በዝግታ ያልፋሉ። እነዚሁ ሰዎች ሻማው ጠፍቶ ቡና ላይ ሲቀመጡ ግን አይስማሙም። አንዱ «የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ» ይለዋል፤ ሌላው «የጥቁሮችን ሙዚቃ ወስዶ የከበረ ሰው ነው» ይላል። ሦስተኛዋ ሙዚቃውን ትወደውና የትዳሩ ነገር ሲነሣ ዝም ትላለች።

ይህ ክርክር ለእኛ ምን ይፈይዳል? ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ ከከፈትን፣ ልጆቻችንም ከእኛ ጋር ካዳመጡ፣ አንድ ቀን መጠየቃቸው አይቀርም፤ «ይህ ዘፈን የማን ነው?» ብለው። የኤልቪስ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መለማመጃ ነው።

የድሃ ልጅ፣ የሁለት ሙዚቃ ጎረቤት

ኤልቪስ ጃንዋሪ 8 ቀን 1935 በሚሲሲፒ ግዛት ቱፔሎ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ባላት የእንጨት ቤት ተወለደ። መንታ ወንድሙ ሞቶ ነው የተወለደው፤ ለእናቱ ለግላዲስ አንድያ ልጅ ሆኖ አደገ። ቤተሰቡ በ1948 ወደ ሜምፊስ ተዛወረ።

በዚያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው የሚኖሩበት ዘመን ነበር። ትምህርት ቤቱ ለየብቻ፣ የአውቶቡሱ ወንበር ለየብቻ፤ የሸክላ ገበያውም ለየብቻ ነበር። ቢልቦርድ መጽሔት የጥቁሮችን ሙዚቃ እስከ 1949 ድረስ «የዘር ሙዚቃ» በሚል ስም ለይቶ ሲያወጣ ቆይቶ ነው «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» ያለው። የሬዲዮ ሞገድ ግን በአጥር አይከለልም። ወጣቱ ኤልቪስ የነጮቹን ካንትሪ፣ የሁለቱንም ወገን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና የጥቁሮቹን ብሉዝ እየሰማ አደገ።

በጁላይ 1954፣ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ በሚሠራበት ወቅት፣ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ «ዛትስ ኦል ራይት» የተባለውን ዘፈን ቀረጸ። ዘፈኑን አርተር ክሩዳፕ የተባለ ጥቁር የብሉዝ ሙዚቀኛ በ1946 ተጫውቶት ነበር። የሜምፊስ ሬዲዮ ዘፈኑን ሲያሰማ የስልክ ጥሪ ጎረፈ። አቅራቢው ኤልቪስን ጠርቶ ካቀረበለት ጥያቄዎች አንዱ የተማረበትን ትምህርት ቤት የሚመለከት ነበር። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም፤ ትምህርት ቤቱ የነጮች ስለነበር አድማጩ ዘፋኙ ነጭ መሆኑን በዚያ አወቀ። ብዙዎች ጥቁር መስሏቸው ነበርና።

«ሌባ ነው» እና «ድልድይ ነው»

ከሳሾቹ የሚያነሡት ቀላል ነገር አይደለም። «ሃውንድ ዶግ»ን ይውሰዱ። ቢግ ማማ ቶርንተን የተባለችው ግርማ ያላት ጥቁር ድምፃዊት ያስቀረጸችው በ1952 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ወጥቶ በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ ለሰባት ሳምንታት አንደኛ ሆነ። በእሷ አፍ ዘፈኑ ረጋ ያለ ነው፤ ጉሮሮዋ እያጓራ፣ በእሷ ጀርባ የሚበላ ሰነፍ ወንድን ከቤቷ የምታባርር ሴት ናት። ኤልቪስ በ1956 ሲዘፍነው ግጥሙ ተለውጧል፣ ፍጥነቱ ጨምሯል። የተለወጠውን ግጥም ያገኘው ደግሞ በላስ ቬጋስ ሲጫወቱ ካያቸው ሌላ ነጭ የሙዚቃ ቡድን ነው። ሴትየዋ ከዘፈኑ ወጥታ ጭፈራው ቀረ። ዓለም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ሬይ ቻርልስ ከብዙ ዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን ተጠይቆ የኤልቪስ ንግሥና እንደማይዋጥለት በግልጽ ተናግሯል። በ1989 ደግሞ ፐብሊክ ኢነሚ የተባለው የራፕ ቡድን ኤልቪስን በስሙ ጠርቶ ሲወርፈው አንድ ሙሉ ትውልድ ሰማ።

ተከላካዮቹም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። በ1957 ኤልቪስ ጥቁሮችን የሚያንቋሽሽ ቃል ተናገረ የሚል ወሬ ተናፈሰ። የጥቁር አሜሪካውያን መጽሔት የሆነው «ጄት» ጋዜጠኛ ልኮ ወሬውን ቢያጣራ ማስረጃ አጣ፤ የሚያውቁት ጥቁሮችም በአክብሮት እንደያዛቸው መሰከሩ። ኤልቪስ ራሱ ለጋዜጠኛው ይህ ሙዚቃ ከእሱ በፊት እንደነበረና እንደ ጥቁሮቹ ሊዘፍነው እንደማይችል ነገረው። ክሩዳፕን ልጅ ሳለ ይሰማው እንደነበርም ለጋዜጣ በስሙ ጠርቶ ተናግሯል። በ1969 በላስ ቬጋስ «ንጉሡ» ሲሉት ወደ ፋትስ ዶሚኖ እየጠቆመ «እውነተኛው ንጉሥ እሱ ነው» ማለቱ ይነገራል። ሊትል ሪቻርድም ነጭ ሬዲዮ ለጥቁሮች በተዘጋበት ጊዜ ኤልቪስ በር ከፋች እንደነበር መስክሯል።

እንግዲህ ማንን እንመን? ሁለቱ ወገኖች የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ መሆኑን ልብ ይበሉ። አንደኛው «ኤልቪስ ምን ዓይነት ልብ ነበረው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ገንዘቡና ስሙ ለማን ደረሰ?» ይላል። የመጀመሪያውን በክርክር መጨረስ አይቻልም። ሁለተኛው ግን ወረቀት አለው።

ገንዘቡ የት ገባ?

በአሜሪካ አሠራር አንድ ዘፈን በሌላ ሰው ሲዘፈን ክፍያው የሚሄደው ለግጥምና ዜማው ባለቤት ነው፤ ቀድሞ ለዘፈነው ሰው ምንም አይደርሰውም። ሬዲዮ ጣቢያዎችም ሸክላ ባጫወቱ ቁጥር ለደራሲው እንጂ ለድምፃዊው አይከፍሉም። «ሃውንድ ዶግ»ን የጻፉት ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር የተባሉ ሁለት ነጭ አይሁዳውያን ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ የኤልቪስ ሸክላ በሚሊዮን ሲሸጥ ቶርንተን በሕጉ መሠረት አንድም ሳንቲም አይገባትም ነበር። ከራሷ ሸክላ ያገኘችውም አንድ የ500 ዶላር ቼክ ብቻ እንደሆነ ትናገር ነበር። በ1984 በሎስ አንጀለስ በድህነት ሞተች።

ክሩዳፕ ግን ደራሲ ነበር፤ ይገባዋል። ሆኖም የዘፈኖቹ መብት በሌሎች እጅ ገብቶ በጉልበት ሥራ ሲተዳደር ኖረ። ለዓመታት ሮያሊቲውን ሲጠይቅ ቆይቶ የሚገባውን ሳያገኝ በ1974 አረፈ።

«ዶንት ቢ ክሩል»ን የደረሰው ጥቁሩ ኦቲስ ብላክዌልም አለ። በሸክላው ላይ የኤልቪስ ስም እንደ ተባባሪ ደራሲ ተጽፏል፤ ኤልቪስ ግን አንድ ስንኝ አልጻፈም። ዘፈኔን ኤልቪስ ይዝፈንልኝ የሚል ደራሲ ከድርሻው መልቀቅ ነበረበት፤ የአስተዳዳሪዎቹ ደንብ ነው። ከሙሉ ዳቦ ምንም ግማሽ ይሻላል ብሎ የፈረመ ሰው ተሰረቀ ይባላል ወይስ ተስማማ? አድናቂዎቹ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት እዚህ ላይ ነው። ይህን ጥያቄ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅዎ ያቅርቡለት፤ መልሱ ያስደንቅዎት ይሆናል።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

የሰው ድርሻ በልቷል የሚባለው ኤልቪስ የራሱን ድርሻ አስበልቷል። አስተዳዳሪው «ኮሎኔል» ቶም ፓርከር እውነተኛ ስሙ አንድሪያስ ቫን ካውክ የተባለ፣ ከኔዘርላንድስ የሄደ ሰው ነበር፤ ኮሎኔልነቱም የክብር ማዕረግ እንጂ የጦር ሜዳ አይደለም። በኋለኞቹ ዓመታት ከኤልቪስ ገቢ እስከ ግማሽ ድረስ ይወስድ ነበር። ዓለም እየጠበቀው ኤልቪስ ከአሜሪካ ውጪ የዘፈነው በ1957 በካናዳ ብቻ ነው።

በ1973 ደግሞ እስከዚያ ድረስ የተቀረጹት የዘፈኖቹ የሮያሊቲ መብት በ5.4 ሚሊዮን ዶላር ለሸክላ ኩባንያው ተሸጠ፤ ከዚያም ላይ ፓርከር ግማሽ ያህሉን ወሰደ። እነዚያ የ1950ዎቹ ዘፈኖች ዛሬም ይሸጣሉ። አርተር ክሩዳፕ የተጎዳበት አሠራር፣ መጠኑ ቢለያይም፣ ንጉሡንም አልማረም። በሰው ላይ የሚፈርድ ሰው ይህን ክፍል መዝለል የለበትም።

እናቶችና አባቶች የሚያቆሙበት ቦታ

ሌላው ክርክር ስለ ትዳሩ ነው። ኤልቪስ በውትድርና ጀርመን ሳለ በ1959 ፕሪሲላን ሲያውቃት እሱ 24፣ እሷ 14 ዓመቷ ነበር። በ1967 ተጋቡ፤ በቀጣዩ ዓመት ሊዛ ማሪ ተወለደች፤ በ1973 ተፋቱ። ለረጅም ጊዜ ይህ እንደ ፍቅር ተረት ሲነገር ኖሯል። በ2023 የወጣውና በፕሪሲላ ትዝታ ላይ የተመሠረተው የሶፊያ ኮፖላ ፊልም ግን ታሪኩን ከልጅቷ ዓይን አሳየ።

«ዘመኑ ነው» የሚሉ አሉ። የሴት ልጅ ወላጅ ከሆኑ ግን 14 ዓመት ምን ማለት እንደሆነ በዘመን አይለካም፤ ከቤትዎ ያውቁታል። ድምፁን መውደድና ይህን ልክ አይደለም ማለት አብረው ይሄዳሉ። ልጆች ከእኛ የሚማሩትም ዝነኛ ሰውን ሳያመልኩም ሳይረግሙም ማየትን ነው።

«የኢትዮጵያው ኤልቪስ»

የኤልቪስ ጥላ እኛም ዘንድ ደርሷል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የሚታዩት የአሜሪካ ፊልሞች፣ በአስመራ ከቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የሚሰማው ሬዲዮ፣ አዲሱን ድምፅ ለወጣቱ አቀበሉ። በፖሊስ ኦርኬስትራ የተነሣው አለማየሁ እሸቴ በጸጉሩ፣ በአለባበሱና በመድረክ እንቅስቃሴው «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ተባለ። አምሐ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምሐ ሪከርድስ ከታተሙት ቀዳሚ ሸክላዎች የእሱ ይገኙባቸዋል። በሴፕቴምበር 2021 ሲያርፍም የውጭ ጋዜጦች በዚሁ ስም ጠሩት።

ስሙ ክብር ነው ወይስ ማሳነስ? ቤት ውስጥ ይወያዩበት። አለማየሁ ከኤልቪስ ወስዷል፤ ኤልቪስ ከክሩዳፕና ከቶርንተን ወስዷል። አለማየሁ የወሰደውን ግን በአማርኛ ግጥም፣ በእኛ ቅኝትና በራሱ ጉሮሮ አሳልፎ ሌላ ነገር አደረገው። ሙዚቃ ሲወራረስ ነው የሚኖረው። ጥያቄው የወሰደው ሰው ያበደረውን በስሙ ይጠራል ወይ፣ ለሚገባውስ ይከፈላል ወይ የሚለው ነው።

በአንድ የእሑድ ከሰዓት ይሞክሩት

መጀመሪያ ክሩዳፕን፣ ቀጥሎ ኤልቪስን ያሰሙ፤ ስማቸውን ሳይነግሩ። ከዚያ ቶርንተንን፣ ቀጥሎ ኤልቪስን። ልጆችዎ የትኛውን እንደወደዱ፣ ምን እንደተለወጠ ይጠይቋቸው። የኤልቪስን ቢመርጡም አይቆጡ፤ የ1954ቱ ቀረጻ ዛሬም ልብ ያነሣል። ከቻሉ ከሁሉም በፊት የኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ መዝሙር የምትዘምረውን ሲስተር ሮዜታ ታርፕን ያስገቡ፤ ከኤልቪስ በፊት የነበረች ናትና። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ኤልቪስን፣ ቸክ ቤሪን፣ ሊትል ሪቻርድንና ፋትስ ዶሚኖን በ1986 ሲቀበል፣ እሷ ተራዋ የደረሰው በ2018 ነው። ቶርንተን ደግሞ በ2024፣ ከሞተች ከ40 ዓመት በኋላ።

ከዚያ የቤትዎን ሸክላ ወይም ካሴት ያውጡ። ከሽፋኑ ጀርባ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» የሚሉትን መስመሮች ለልጅዎ ያስነብቡት። በድምፃዊው ፎቶ ስር በትናንሽ ፊደል የተጻፉት እነዚያ ስሞች፣ ዘፈኑን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ከሽፋኑ ላይ ስም ከጎደለ፣ የጎደለውን ሰው ማን እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ።