ቴሪ ጎልዌይ፦ የስደተኞችን ፖለቲካ ከሥሩ የመረመረ ጋዜጠኛ

የኒውዮርክን የፖለቲካ ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት ታማኒ ሆልን ሲያነሡ መጀመሪያ የሚናገሩት ስለ ሌብነቱ ነው። ለረጅም ዘመን ከተማዋን በእጁ አድርጎ የኖረው ይህ የዲሞክራቲክ ፓርቲ ድርጅት ድምፅ ገዝቷል፣ ጉቦ በልቷል፣ የሕዝብ ገንዘብ ዘርፏል። ሁሉም እውነት ነው። ቴሪ ጎልዌይ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ሰዎቹ ሌቦች ከነበሩ ድሃው ለምን ከአባት እስከ ልጅ ልጅ ሳይሰለች መረጣቸው? መልሱን ፍለጋ አትላንቲክን ተሻግሮ አየርላንድ ድረስ ወረደ፤ ከዚያም ሥራ የተገኙት መጻሕፍት የአሜሪካን የከተማ ፖለቲካ ለማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ የሚጠቅሙ ናቸው።

ጎልዌይ መጀመሪያ ጋዜጠኛ ነው። በ«ኒውዮርክ ኦብዘርቨር» ጋዜጣ ላይ ለዓመታት የከተማዋን ፖለቲካ ሲከታተልና በራሱ ዓምድ ሲጽፍ ቆይቷል። በኋላም ከሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ ታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ፤ አስተማሪም ሆነ። ሁለቱ ሙያዎች በአጻጻፉ ላይ ጎልተው ይታያሉ። ሰነድ እንደ ታሪክ ተመራማሪ ይመረምራል፤ አንድ ፖለቲከኛ ድምፅ የሚያገኘው የት ቆሞ፣ ከማን ጋር ተነጋግሮ እንደሆነ ደግሞ እንደ ዘጋቢ ያውቃል። ስለ ኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ስለ አሜሪካ አብዮት ጄኔራል ስለ ናትናኤል ግሪን የጻፋቸውም አሉ። እዚህ የማነሣው የአየርላንድንና የአሜሪካን ታሪክ የሚያገናኙትን ሦስቱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «አይሪሽ ሬብል» የጆን ዴቮይ የሕይወት ታሪክ ነው። ዴቮይ በ1842 በኪልዴር ተወለደ። ወታደርነት ለመማር ብሎ የፈረንሳይን የውጭ አገር ሰዎች ጦር ተቀላቀለ፤ ተመልሶም በእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ ያሉ አየርላንዳውያንን ለነጻነት ለሚታገለው የፌኒያኖች የምስጢር ማኅበር ይመለምል ጀመር። በ1866 ተይዞ ታሰረ። በ1871 ወደ አገሩ እንዳይመለስ በሚል ግዴታ ሲፈታ ኒውዮርክ ገባ፤ በዚያም በጋዜጠኝነት ሙያ እየኖረ ክላን ና ጌል የሚባለውን የስደተኞች ድርጅት ከፊት ሆኖ መራ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ልብ የሚያንጠለጥለው የካታልፓ ታሪክ ነው። ዴቮይና ጓዶቹ ከስደተኛው ገንዘብ አሰባስበው ዓሣ ነባሪ የምታድን መርከብ ገዙና በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፍሪማንትል ወደ ታሰሩ ፌኒያኖች ላኳት። በ1876 ስድስቱ እስረኞች አምልጠው ተሳፈሩ። የእንግሊዞች መርከብ ደርሳባቸው ስትተኩስ ካፒቴኑ ከበላዩ የሚውለበለበውን የአሜሪካ ባንዲራ አሳየና ጉዞውን ቀጠለ። ዴቮይ ራሱ ግን ያደረ ቂም የማይረሳ፣ ከአየርላንዱ የነጻነት መሪ ከዴ ቫሌራ ጋር እስከ መወነጃጀል የደረሰ አስቸጋሪ ሰው ነበር፤ ጎልዌይም ይህን አልሸፈነለትም። በ1924፣ ከሰማንያ ዓመቱ በኋላ፣ የአየርላንድ መንግሥት እንግዳ ሆኖ አገሩን አየ፤ በወጣትነቱ አጭቷት የነበረችውንም ሴት ባሏ ሞቶባት፣ አርጅታ አገኛት። በ1928 አሜሪካ ውስጥ ሞተ፤ የተቀበረው ግን ደብሊን ነው።

ለእኔ ትልቁ ሥራው በ2014 የታተመው «ማሽን ሜድ» ነው። አሜሪካውያን ከላይ እስከ ሰፈር ድረስ መዋቅር የዘረጋና ድምፅ የሚያሰባስብን የፓርቲ ድርጅት «ማሽን» ይሉታል፤ የማሽኖች ሁሉ ታላቅ ደግሞ ታማኒ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲመሠረት ለስደተኛ ቦታ አልነበረውም። በ1817 አየርላንዳውያን የእኛም ሰው ዕጩ ይሁን ብለው ስብሰባውን ሰብረው ገቡ፤ መስኮት ረገፈ፣ ዕቃ ተሰባበረ።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ያለው አየርላንድ ውስጥ ነው። ዳንኤል ኦኮኔል በ1820ዎቹ ካቶሊኩን ድሃ በወር አንዲት ሳንቲም እያዋጣ በማኅበር እንዲደራጅ አስተማረው። በ1828 ካቶሊክ ሆኖ ሳለ፣ ካቶሊክ ፓርላማ በማይገባበት ሕግ ሥር፣ በክሌር ተወዳድሮ አሸነፈ፤ በማግሥቱ ዓመት ሕጉ ተለወጠ። ይህን የቆጠራና የመደራጀት ፖለቲካ አይተው ያደጉ ሰዎች ናቸው ኒውዮርክ የደረሱት።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። በ1845 ድንቹን የመታው በሽታ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለፈጀው እልቂት በር ከፈተ፤ ከዚያ የሚበልጠው ተሰደደ። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሥልጣናት፣ በተለይም የእርዳታውን ሥራ የያዘው ቻርልስ ትሬቨልያን፣ ለድሃ በነጻ መስጠት ስንፍና ያስተምራል ባዮች ነበሩ። በ1847 የወጣው ሕግ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ገበሬ መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ እንዳያገኝ ደነገገ። እንጀራ ወይስ መሬት ተብሎ የተጠየቀ ሕዝብ ይህን እንዴት ይረሳል? በ1855 ከኒውዮርክ ነዋሪ ከአራት አንድ በላይ የሚሆነው አየርላንድ የተወለደ ነበር።

እዚህ ላይ ጎልዌይ ሌላ ሰው ያላየውን አያይዞ አሳየ። ከተማዋን ከሌባ እናጽዳ የሚሉት የኒውዮርክ ባለጸጎች ስለ ድሃ ሲናገሩ ቋንቋቸው የትሬቨልያን ቋንቋ ነበር። በጎ አድራጎት ማኅበሮቻቸው ከመስጠታቸው በፊት ጠባዩ እንዴት ነው፣ ይገባዋል ወይ ብለው ይመረምሩ ነበር። ገዥው ሳሙኤል ቲልደን ያቋቋመው ኮሚሽን በ1877 በከተማዋ ገንዘብ ላይ የሚወስኑትን ሰዎች ንብረት ያለውና በቂ ኪራይ የሚከፍለው ብቻ ይምረጥ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ድሃውን ከምርጫ የሚያስወጣውን ይህን ሐሳብ የተቃወመው ሌባ የተባለው ታማኒ ነው።

የታማኒ ሰው ግን ሳይመረምር ይሰጥ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን ፕለንኪት የተባለው የሰፈር አለቃ ቢሮው በፍርድ ቤቱ ያለው የጫማ መጥረጊያ ወንበር ነበር፤ ሌሊት ቤት ሲቃጠልም ከእሳት አደጋ መኪናው ጋር እኩል ደርሶ ለተቃጠለበት ቤተሰብ ማደሪያና ልብስ ይፈልጋል። ከ1902 እስከ 1924 ታማኒን የመራው ዝምተኛው ቻርልስ መርፊ ምሽት ምሽት በሁለተኛው ጎዳና ላይ የመብራት ምሰሶ ተደግፎ ይቆማል፤ ልጁ ሥራ ያጣም፣ ባሏ የታሰረባትም ወደ እርሱ ይመጣል። ምርጫ ሲደርስ ውለታው አይረሳም።

መርፊ ካሳደጋቸው ወጣቶች ሁለቱ አል ስሚዝና ሮበርት ዋግነር ናቸው። መጋቢት 1911 የትራያንግል ልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ወጣት አይሁዳውያትና ጣሊያናውያት ነበሩ፤ ማምለጫው በር ተቆልፎ ነበር። ጉዳዩን የመረመረውን ኮሚሽን ዋግነር በሊቀመንበርነት፣ ስሚዝ በምክትልነት መሩ። እሳቱን በዓይኗ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ ዋግነርን አንድ ፋብሪካ ወሰደችውና በግድግዳው ጠባብ ቀዳዳ በሆዱ እየተሳበ እንዲወጣ አደረገችው። ውጭ ያገኘው በረዶ የሸፈነውን፣ መሬት ሳይደርስ የሚያልቅ መሰላል ነው፤ ባለቤቶቹ «የእሳት ማምለጫ» ብለው የጻፉበት ይህንን ነበር። የሠራተኛውን ደኅንነትና የሥራ ሰዓት የሚጠብቁ በርካታ ሕጎች ከኮሚሽኑ ወጡ። ዋግነር በ1935 የሠራተኛ ማኅበራትን መብት ያረጋገጠውን ታላቅ ሕግ በስሙ አስጠራ፤ ፐርኪንስ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆነች። የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የድሃ ድጋፍ መርሐ ግብር ሥሩ እነዚህ የታማኒ ሰፈሮች ናቸው የሚለው የጎልዌይ ክርክር እኔን አሳምኖኛል።

በ2018 የወጣው «ፍራንክ ኤንድ አል» ይህንኑ በሁለት ሰዎች ወዳጅነት ያሳያል። ስሚዝ አባቱ ሲሞት በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ በፉልተን የዓሣ ገበያ የሠራ የድሃ ልጅ ነው፤ ሩዝቬልት ከባለ ርስት ቤተሰብ ተወልዶ በሐርቫርድ የተማረ፣ ፖለቲካንም ታማኒን በመቃወም የጀመረ። ሽባነት ያገኘው ሩዝቬልት በ1924 በክራንች እየተደገፈ መድረክ ላይ ወጥቶ ስሚዝን ለፕሬዚዳንትነት አቀረበ፤ የፓርቲው ጉባኤ ግን ከ103 ዙር ድምፅ በኋላ ሌላ ሰው መረጠ። በ1928 ስሚዝ በትልቅ ፓርቲ የቀረበ የመጀመሪያው ካቶሊክ ዕጩ ሆነ፤ በኦክላሆማ ካቶሊኮችን የሚጠላው ኩ ክሉክስ ክላን የስሚዝ ባቡር በሚያልፍበት መስቀል አቃጠለ። ስሚዝ ተሸነፈ፤ እንዲወዳደር እርሱ የለመነው ሩዝቬልት ግን የኒውዮርክ ገዥ ሆነ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ስሚዝ የተመኘውን ወንበር ወሰደ። ወዳጅነቱ በዚያ ሻከረ፤ ስሚዝ እያዘነ የወዳጁ ተቃዋሚ ሆነ። ጎልዌይ የማንንም ጥፋት ሳያገንን ይህን ቁስል የተረከበት ክፍል ግሩም ነው።

አንድ ነገር እወቅሰዋለሁ። ጎልዌይ ለታማኒ ያዳላል። የታማኒው አለቃ ዊልያም ትዊድና ግብረ አበሮቹ በአንድ የፍርድ ቤት ሕንፃ ስም የዘረፉት ሚሊዮኖች ለዚያው ለድሃው ሰፈር ትምህርት ቤትና ውኃ ሊውሉ ይችሉ ነበር፤ የታማኒን ቸርነት በሚያቀርብበት ስፋት የሌብነቱንም ዋጋ ቢያስቆጥረን ሚዛኑ ይስተካከል ነበር። ቢሆንም የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች ከባለጸጎቹ መስኮት ብቻ ያዩትን ታሪክ እርሱ ከድሃው ደጃፍ ቆሞ አሳይቶናል።

በተለይ በአሜሪካ ከተሞች የምትኖሩ፣ ዜግነት አግኝታችሁ ድምፅ የምትሰጡ ኢትዮጵያውያን እነዚህን መጻሕፍት ብታነቡ ትጠቀማላችሁ። ለጊዜው አንዱን ብቻ የምታነቡ ከሆነ በ«ማሽን ሜድ» ጀምሩ። ታሪክን በሰው ሕይወት መከታተል የሚቀላችሁ ደግሞ «ፍራንክ ኤንድ አል»ን አስቀድሙ።