ቤትዎን ለበጎ አድራጎት ከመስጠትዎ በፊት

እንጅባራ ውስጥ ጠበቃ ነኝ። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶችና አባቶች «ቤቴን ለበጎ አድራጎት ልስጥ» ሲሉ ሐሳቡ ደስ ይለኛል፤ ችኮላው ግን ያሰጋኛል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስጦታንና ኑዛዜን ይለያል። ስጦታ ንብረቱን በሕይወት እያሉ ያስተላልፋል፤ በኋላ ቢጸጸቱ ማስመለሱ ከባድ ነው። ኑዛዜን ግን እስትንፋስዎ እስካለ መለወጥም መሻርም ይችላሉ። የቤት ስጦታ በግልጽ እንደሚደረግ ኑዛዜ ካልተደረገ አይጸናም፤ ማለትም በጽሑፍ ሆኖ፣ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ወዲያው መፈረም አለበት። (ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።)

እኔ የምመክረው የሚኖሩበትን ቤት በኑዛዜ እንዲያቆዩት ነው። ዛሬ ደግሞ ከጡረታ አበልዎ ጥቂት፣ ከጓሮዎ ድንች፣ ከሙያዎ ሰዓት ይስጡ፤ እርካታው የሰጡትን በዓይን ማየቱ ላይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ገንዘብ ለሌላ ሰው ያወጡ ሰዎች ለራሳቸው ካወጡት ይልቅ ደስ እንዳላቸው አሳይቷል። ሙያን ለመስጠት ደግሞ ዕድሜ አያግድም፤ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው ድረስ የፊስቱላ ታማሚዎችን አክመዋል። ጡረታ የወጡ መምህር ለጎረቤት ልጅ ሒሳብ ማስረዳት የሚያቅታቸው አይመስለኝም።

ኑዛዜ ከመጻፍዎ በፊት ግን ልጆችዎን ሰብስበው ያማክሩ። በድብቅ የተጻፈ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው።