በድሬዳዋ ሙቀት እንቁላል ስንት ቀን ይቆያል?



የሁዳዴ ጾም ሲገባ የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ይደራል። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ በጾሙ መጨረሻ የተጣለውን እንቁላል አጠራቅማችሁ ለበዓሉ ከፊራ ገበያ ታወጣላችሁ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ያ ወቅት ድሬዳዋ የምትግልበት መሆኑ ነው። ለክትትል ስወጣ ደንበኛ ሰብሮ አይቶ የመለሰው እንቁላል ገጥሞኛል። ሻጯ እንቁላሉን በንጽሕና ይዛ ነበር፤ ጉዳዩ የአውራው ዶሮ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውራ ከዶሮዎቹ ጋር ከዋለ እንቁላሉ ዘር ይኖረዋል። ታቃፊ ዶሮ ለእንቁላሏ የምትሰጠው ሙቀት 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው፤ የእኛ ቀትር፣ በተለይ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ታቃፊ ባይኖርም ጽንሱ ማደግ ይጀምራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አስኳሉ ላይ የደም ክር ይታያል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጽንሱ ይሞትና እንቁላሉ ይገማል።

ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ቦቫንስ ወይም ሎማን ብራውን ለእንቁላል የምታረቡ ከሆነ አውራውን ለዩት፤ ከለያችሁት በኋላም ለ3 ሳምንት ያህል ዘር ያለው እንቁላል ሊመጣ ስለሚችል ቀድማችሁ አስቡበት። ሜዳ ላይ የሚውሉትን የሀበሻ ዶሮዎች ግን መለየት ይከብዳል፤ የእነሱን እንቁላል ሳታጠራቅሙ ቶሎ ሽጡ።

እንግዲህ ስንት ቀን? እኛ የምንመክረው ይህን ነው። ዘር ያለው እንቁላል በሙቀቱ ወራት ከ3 ቀን በላይ ቤት አይደር። ዘር የሌለው በቀዝቃዛ ጥላ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይበላል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ያላበው እንቁላል ግን ተመልሶ አይቀመጥ፤ እርጥበቱ ጀርም ወደ ውስጥ ያስገባል።

ማቀዝቀዣ ለሌላችሁ የሸክላ ማሰሮ አለ። ጥላ ሥር እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጡት፤ ከሥሩ ደረቅ ጭድ ጎዝጉዛችሁ እንቁላሉን ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ደርድሩ። አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ፣ አሸዋውንም ጠዋትና ማታ አርሱት። ውሃው እንቁላሉን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የአካባቢያችን አየር ደረቅ ስለሆነ ይህ ዘዴ እኛ ጋ በደንብ ይሠራል፤ በዝናብ ሰሞን ግን ብዙ አትመኩበት። ነጭ ጋዝና ሽንኩርት አጠገቡ አይቀመጡ፤ እንቁላል ሽታ ይስባል።

ቅርፊቱ ላይ ከ7,000 የሚበልጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። እነሱን የሚጋርደው ስስ ሽፋን በውሃ ስለሚለቅ ለገበያ የሚወጣ እንቁላል አይታጠብ። ኩስ የነካውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ በጣም የቆሸሸውን ለይታችሁ እቤት ቶሎ አብስላችሁ ብሉት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከለቀማችሁና ጉዝጓዙን ከቀየራችሁ የሚቆሽሸው ራሱ ጥቂት ነው።

ለመመርመር የስልካችሁ ባትሪ ይበቃል። ማታ በጨለማ ወፈር ያለውን ጫፍ መብራቱ ላይ አስጠጉ፤ የደም ክር ወይም ጥቁር ጥላ ካያችሁ ለዩት። የአየር ኪሱ እየሰፋ ሲሄድ እንቁላሉ እያረጀ ነው። በውሃም ይለያል፤ ትኩሱ ተጋድሞ ይቀመጣል፣ የቆየው ይቆማል፣ ያረጀው ይንሳፈፋል። የሞከራችሁበትን ግን ለገበያ አታቆዩት፤ ረጥቧልና።

ይህ ሁሉ የሚነግራችሁ ዕድሜውን እንጂ ጤናማነቱን አይደለም። ሳልሞኔላ ያለበት እንቁላል ገና በዕለቱ የተጣለ ሊሆን ይችላል፤ ሽታም መልክም የለውም። ነጩም አስኳሉም እስኪጠና አብስሉ። ለጉልበት ወይም ለሳል እየተባለ ጥሬውን ከወተት ጋር የሚመታው ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአዛውንትና ለታመመ ሰው አይሰጥ። ዶሮዎቹ መድኃኒት ላይ ከሆኑም የእንስሳት ሐኪሙ የነገራችሁ ቀን እስኪያልፍ እንቁላሉ አይበላም፣ አይሸጥም።

ከዛሬ ጀምሮ የተለቀመበትን ቀን በእርሳስ ቅርፊቱ ላይ ጻፉ፣ የቆየውን አስቀድማችሁ አውጡ። ወደ ከተማ ስትወስዱም ጀንበር ሳትበረታ በማለዳ ይሁን።