50 ወይስ 100 ሊትር? ደሴ ላይ ኮምፕሬሰር ለምትገዙ

በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ጓሮዬ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ጀምሬያለሁ፤ 50 ሊትር ኮምፕሬሰር ይበቃኛል ወይስ 100 ልግዛ?» አንዳንዱ ፎቶ ጨምሮ ይልካል። ፎቶው ሁሌም የታንከሩ ሆድ ነው፤ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ አንስቶ የላከልኝ የለም። ቁም ነገሩ ያለው ግን እሷ ላይ ነው።

ሊትሩ የታንከሩ መጠን ነው። ታንከር አየር ያጠራቅማል እንጂ አያመርትም። ጣሪያችሁ ላይ ያለው ሮቶ የቱንም ያህል ቢተልቅ መስመሩ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ምን ይጠቅማል? ሞተሩና ፒስተኑ አንድ ዓይነት ከሆኑ 100 ሊትሩ ከ50ው የሚበልጠው ትንሽ ዘግይቶ በመጉደሉ ነው፤ ለመሙላትም በዚያው ልክ ይዘገያል። ስለዚህ ሻጩን «በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል?» በሉት። እዚህም ላይ ንቁ፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው ነው፤ ታንከሩ ውስጥ የሚገባው ያንሳል። ባለ 2 የፈረስ ጉልበቱ ላይ «200» ተብሎ ተጽፎ የሚገባው 120 ወይም 130 ቢሆን አይግረማችሁ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ቅናሽ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ በየምቱ ያንኑ ያህል ቢስብም የሚስበው ሳሳ ያለ አየር ነው። ባለ 50 ሊትሩን ታንከር እስከ 8 ባር ለመሙላት ጅቡቲ ወደብ ላይ 400 ሊትር አየር ከበቃው፣ እዚህ 530 ያህል መሳብ አለበት። ያ ማለት ማሽኑ ብዙ ይሠራል፣ ብዙ ይግላል፤ ስስ አየር ደግሞ ሞተሩንም እንደልቡ አያቀዘቅዘውም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጉዳቱ እዚያ ቀለል ይላል፤ የሚጎድለው ከአምስት እጅ አንዱ ነው። እዚያ ሲሠራ አይታችሁ የወደዳችሁት ማሽን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ከሰነፈባችሁ ሻጩን አትራገሙ።

ነገር በነገር ይነሳልና፣ ደሴ የተነፋ የመኪና ጎማ ኮምቦልቻ ሲወርድ ጌጁ እምብዛም የማይንቀሳቀሰው ለምን ይመስላችኋል? የውጭው አየር ስለሚከብድ ንባቡ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ የታች ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይጨምርለታል።

ወደ ሥራችን። ጎማ ለመንፋት፣ ሶፋ ላይ ስቴፕል ለመምታት፣ ቀጭን ሚስማር ለመትከል ባለ 25 ሊትሩም አያሳፍርም፤ ምክንያቱም እናንተ እንጨቱን እስክታስተካክሉ እሱ ይሞላል። ስፕሬይ ግን ፋታ አይሰጥም። ቁም ሣጥን ቫርኒሽ እየቀባችሁ ሁለተኛው በር መሐል ላይ ግፊቱ ሲወርድ ስፕሬዩ ቀለሙን በጠብታ መትፋት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስፕሬዩን ምረጡ፣ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈልግ አንብቡ፣ ከዚያ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ እጥፍ የሆነ ኮምፕሬሰር ፈልጉ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቀለም ለሚቀባ ሰው ታንከሩ 50 ሆኖ ፒስተኑ ትልቅ የሆነውን እመርጣለሁ። 100 ሊትር ተሸክሞ በትንሽ ሞተር የሚያቃስተውን አልወድም፤ ደረጃ ላይ ማውጣቱም ጣጣ ነው።

የመብራቱ ጉዳይ ሳይነሳ አይታለፍም። 2 የፈረስ ጉልበት 1.5 ኪሎ ዋት ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። ምሽት ላይ መብራቱ ሲደክም፣ በዚያ ላይ በዲቫይደር እና በቀጭን ሽቦ ከሳሎን ተስቦ ሲመጣ፣ ሞተሩ እም... እያለ ይቆማል፤ ቶሎ ካልነቀላችሁት ይቃጠላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኮምፕሬሰሩን ወደ ቆጣሪው አስጠግታችሁ የአየር ቱቦውን አስረዝሙ። በብርዱ ወራት ጠዋት ደግሞ የባለ ዘይቱ ማሽን ዘይት ስለሚወፍር፣ የታንከሩን አየር አስወጥታችሁ ባዶውን አስነሱት። ዘይት የማይፈልገው ዓይነት ይህ ችግር የለበትም፤ ርካሹ ግን ጩኸቱ ግቢውን በሙሉ ያስነሳል። ተከራይ ካላችሁ አስቡበት።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ከታንከሩ ሥር ያለችውን የውሃ ማውጫ ክፈቱ። ቀይ ዝገት ያለው ውሃ ከወጣ በግማሽ ዋጋም አትውሰዱት። «በብየዳ ይደፈናል» የሚላችሁን ደግሞ አትስሙት፤ በ8 ባር የተወጠረ የዛገ ብረት ቢፈነዳ ሰው ይገድላል።

አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ሱቁ ውስጥ አሠርታችሁ እዩት። ታንከሩን ባዶ አድርጉ፣ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ፣ 8 ባር እስኪደርስ ጠብቁ። ሊትሩን በባሩ አባዝታችሁ በፈጀው ደቂቃ አካፍሉት። 50 ሊትሩ በ4 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 100 ሊትር ይሰጣል፤ 5 ደቂቃ ከፈጀ 80። እዚሁ ደሴ ላይ ከሆነ የለካችሁት፣ ከፍታው ተቀንሶ ያለቀለት ቁጥር ነውና ከስፕሬዩ ጋር በቀጥታ አስተያዩት። ሻጩ «አሁን መብራት የለም» ካለ፣ ሲመጣ ተመለሱ።