በራስ ቅል ሥር የሚመለስ ዕጢና የሕመምተኛው ወረቀት

ከመተማ ተነሥቶ ገላባትን አልፎ ወደ ገዳሪፍ የሄደ ሁሉ ከተማዪቱን በሰሊጥና በማሽላ ገበያዋ ያውቃታል። የስደተኛም መጠጊያ ናት። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱት በግዛቷ በኡም ራኩባ ተጠልለዋል፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላም ብዙ ተፈናቃዮች ወደ እርስዋ ጐረፉ። ከነዚህ መካከል የነቀርሳ ሕሙማን ይገኙባቸዋል።

በሱዳን ከአንገት በላይ ከሚነሡት ነቀርሳዎች አዘውትሮ የሚታየው አንዱ ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ በራስ ቅል ወለል አጠገብ የሚበቅለው ነው። ስፍራው የዐይን ነርቮችና ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች የሚያልፉበት ስለ ሆነ ለቢላዋ አይመችም። ስለዚህ ዋናው ሕክምና ጨረር ነው። ሐኪሞች ጨረርን ግሬይ በሚባል መለኪያ ይሰፍራሉ፤ ለዕጢው በሰባት ሳምንት ገደማ እስከ 70 ግሬይ ሲሰጡ፣ የዐይን ነርቭ ግን ከ54 ግሬይ እምብዛም እንዳያልፍበት ይጠነቀቃሉ።

ችግሩ ዕጢው ዳግመኛ ሲመለስ ነው። ዕጢው አዲስ ቢሆንም ነርቩ የቀድሞው ነው፤ የተቀበለውንም ጨረር ጨርሶ አይረሳም።

ለዚህ የተገኘው ብልኀት ጨረሩን ማነጣጠር ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ላርስ ሌክሴል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 ሐሳቡን አቀረበ። ብዙ ሰዎች ከየአቅጣጫው የባትሪ መብራታቸውን ወደ አንድ ነጥብ ቢያበሩ፣ ብርሃኑ የሚበረታው መብራቶቹ በተገናኙበት ነው። በእርሱ መሣሪያም ወደ 200 የሚጠጉ ቀጫጭን የኮባልት ጨረሮች በዕጢው ላይ ይገናኛሉ። ፕሮቶን የሚባለው ጨረር ደግሞ ከተወሰነለት ጥልቀት ሳያልፍ ይቆማል።

ነገር ግን መሣሪያው ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «ከዚህ ቀደም ስንት ግሬይ፣ በየት በኩል፣ መቼ ተሰጠ?» የሚል ነው። ወረቀቱን በካርቱም ጥሎ የሸሸ ሕመምተኛ ለዚህ መልስ የለውም። በገዳሪፍ የነቀርሳ ሕክምና ቢኖርም፣ ጨረር ይሰጥ የነበረው በካርቱምና በወድ መደኒ ነበር። የካርቱሙ በጦርነቱ ተቋረጠ፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ውጊያው ወድ መደኒም ደረሰ። ከዚያ በኋላ የገዳሪፍ ሕሙማን ለጨረር 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው እስከ መረዌ ሄደዋል። በኛም አገር ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ይህን ያህል መንገድ ተጕዞ ያለ ወረቀት መድረስ ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ በቤቱ ይህን ሕክምና የወሰደ ሰው ያለው አንባቢ፣ የዕጢውን ስም፣ የተሰጠውን ግሬይ፣ የቀኑን ብዛትና የተፈጸመበትን ዕለት ከሐኪሙ ጽሑፍ ይቀበል፤ በስልክም ፎቶግራፍ አንሥቶ ለዘመድ ይላክ። ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የፊት መደንዘዝ፣ የጆሮ መደፈን ወይም የአፍንጫ መድማት ሲጀምር ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ሰው ሲሰደድ ልጁንና ስንቁን ያነሣል፤ ተገቢም ነው። ያችን ወረቀት ከስንቁ ጋር የቋጠረ ግን የዐይኑን ብርሃን ቋጥሯል።