ስጪኝ ብያት ሰጠችኝ

በእድራችን ዕቃ ቤት፣ ከትልቁ ድንኳን ጥቅል ጀርባ፣ ድስት የሌላቸው አሥራ አራት የድስት ክዳኖች አሉ። መዝገብ ላይ አልሰፈሩም። ኦዲተር ሲመጣ ጆንያ አለብሳቸዋለሁ። የእድሩ ዳኛ ያውቃል፣ ጸሐፊው ያውቃል፣ እኔ ንብረት ያዡ አውቃለሁ፤ ከሦስታችን ሌላ የሚያውቅ እስከ ዛሬ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በድስት ክዳን ይጣላሉ። አንዷ ለክርስትና ድግስ ድስቷን ከነክዳኑ አውሳለች፤ የተመለሰላት ግን ድስቱ ብቻ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ይኮራረፋሉ፣ ከዚያ ወሬው እኛ ጋ ይደርሳል፣ እኛም «እንፈልጋለን» እንላለን። ማታ ዕቃ ቤት ገብቼ ልኩን እመርጣለሁ፤ አዲስ እንዳይመስል በአሸዋ ፈተግ ፈተግ አደርገዋለሁ። በማግስቱ «ይኸው፣ ድንኳን ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ» ብዬ እወስድላታለሁ። የእሷ ክዳን እንዳልሆነ ገና ሳታየው ታውቃለች። ክዳኑን ሳይሆን እኔን ነው ትክ ብላ የምታየኝ። ከዚያ «ተመስገን፣ ተገኘልኝ» ትላለች። አለቀ። ክዳኖቹን ከምናለሽ ተራ የምገዛው ራሴ ነኝ፤ ሒሳቡ «ለሻይ» ተብሎ ይወጣል።

ሰው እድርን የሚያውቀው ከፊት ለፊቱ ነው፤ ጡሩምባው፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ንፍሮው። የተቋቋምነው ለቀብር ነው፤ የሚያደክመን ግን የሕያዋን ሰፌድ ነው።

እንዲህ ያለ ክስ ይዛ የመጣችን ሴት መጀመሪያ የምንጠይቃት ስለ ዕቃው አይደለም። «ስትጠይቅሽ ምን አለችሽ? ቃሉን ራሱን ንገሪኝ» እንላታለን። አብዛኛው ጠብ እዚያች ቃል ላይ ነው የተቀበረው። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ስስታም አይደለም። ያው ዕቃ ራሱ የሚመለስ ከሆነ ውሰት ነው፤ መሶብ፣ ምጣድ፣ ጋቢ፣ መሰላል። ያው ዓይነት በልኩ የሚተካ ከሆነ ብድር ነው፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ብር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሁለቱን አልቀላቀላቸውም፤ የሚያልቅ ነገር ብድር ከቁጥር 2471 ይጀምራል፣ ዕቃ ተውሶ መገልገል ከ2767። ሕጉም ቋንቋውም አስበውበታል። ጎረቤት ግን ለጎረቤት «አውሺኝ» አይልም፤ ያሳፍራል። «አበድሪኝ» ማለት ደግሞ የባሰ ነው። «እስቲ ያንን ሰፌድሽን ስጪኝ» ነው የሚባለው። ሦስት ወር ሲያልፍ ባለ ሰፌዷ በልቧ የያዘችው ውሰት ነው፣ ወሳጇ በጆሮዋ የያዘችው ስጦታ። እኛ ፊት ስትቀርብ ታዲያ ቀጥ ብላ «ስጪኝ ብያት ሰጠችኝ» ትላለች። አልዋሸችም እኮ።

ብድሩም ቢሆን የራሱ ተንኮል አለው። ጤፍ በጣሳ የተበደረች ሴት በጣሳ ትመልሳለች፤ አበዳሪዋ «እኔ በክምር ሰጥቻት እሷ በልክ መለሰች» ብላ ለሦስት ዓመት ታወራለች። ዘይት የተበደረች ደግሞ ዋጋው እጥፍ ከሆነ በኋላ በድሮው ዋጋ ብር በልጅ ትልካለች። እዚህ ላይ የእድራችን ዳኛ ጨካኝ ነው፤ «ዘይት የወሰደ ዘይት ይመልስ» ብሎ ይዘጋዋል። ገንዘብ ሲሆን ግን እኛም ግራ እንጋባለን። ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ዘንቢልም አይሞላ። ለወንድሙ ሚስት 600 ብር ሲሰጥ «ፈርሚልኝ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤትም በ1995ቱ የአዲስ አበባ ቻርተር እስከ 5,000 ብር የሚደርስ ክርክር እንዲያይ ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። በሰፌድ ጎረቤቷን እዚያ የምታቆም ሴት ግን በማግስቱ ቡና የሚጠራት አታገኝም። ስለዚህ እኛ ጋ ይመጣሉ።

የመመለሻው ቀን ደግሞ ፈጽሞ አይነሣም። «መቼ ትመልሻለሽ?» ማለት «አላምንሽም» ማለት ነው። ታዲያ ባለቤቷ የራሷን ዕቃ እንዴት ታስመልሳለች? ልጇን ትልካለች፦ «እማዬ ሰፌዱን ለዛሬ ብቻ አለች» እያለ ይሄዳል። አያችሁት? የገዛ ዕቃዋን ለአንድ ቀን ተዋሰች። በዓይኔ ያየሁት የባሰ ነው፤ ወሳጇ ሰፌዱን ለልጁ እያቀበለች «ስትጨርሱ መልሱልኝ በላት» አለችው። የሰፌዱ ባለቤትም በማግስቱ መለሰችላት! ይህን ጉዳይ እንዴት እንደፈታነው አትጠይቁኝ። አልፈታነውም። ሰፌዱ እስኪያረጅ ጠበቅነው።

እውነቱን ከማን እንደምንሰማ ልንገራችሁ። ከተጣሉት አይደለም፣ ከምስክርም አይደለም። ከዕቃ አጣቢዎቹ ነው። ድግስ ካለቀ በኋላ ጓሮ ተቀምጠው የሁሉን ሳህን የሚያጥቡ ሴቶች የሰፈሩን ንብረት ከእኔ መዝገብ በተሻለ ያውቁታል። ማንኪያዋ ላይ ቀይ ኩቴክስ ያለባት ማን ናት፣ ብርጭቆዋን በወይን ጠጅ ኩቴክስ ምልክት ያደረገችው ማን ናት፣ ከትሪዋ ግርጌ በምስማር መስቀል የወጋችው ማን ናት፣ ሁሉም በጣታቸው ጫፍ ነው። ክስ በመጣ ቁጥር ሽማግሌ ከመሰየማችን በፊት ከአንዷ ጋር ቡና እጠጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «እስቲ ከመጀመሪያው አስረዱን» ሲሉ፣ ትሪው የማን ቁም ሣጥን ላይ እንደተቀመጠ አስቀድመን አውቀናል።

አንዳንዴ ግን ዕቃው ከሰፈር ይወጣል። አንድ ሰው ለልጁ ሽምግልና የሚለብሰው ኮት ከወዳጁ ተዋሰ። ልጅቷን ጠይቀው፣ እሺ ተብለው፣ ደስታ በደስታ ሆኑ። ኮቱ በር ጀርባ ተሰቅሎ ሁለት ወር ከረመ። አንድ ጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ በበራቸው ሲያልፍ ሚስትየው ወጣች፤ አሮጌ የመሰላትን ሁሉ ሰብስባ በአንድ ትልቅ ሳፋና በሁለት ጆግ ለወጠች። ኮቱም ሄደ። እኔና ጸሐፊው ምናለሽ ተራን ሁለት ቀን ዞርነው፤ እዚያ የገባ ልብስ አያድርም አሉን። ባለ ኮቱ ታዲያ ምን ብሎ ተከራከረ መሰላችሁ? «በኔ ኮት የተለወጠ ሳፋ የኔ ነው» አለ። እንደ ቀልድ የጀመረው ነገር እልህ ሆነ። የኮቱን ዋጋ እንዳንፈርድ ሰውየው የሙሽራ ወጪ አጥንቱን በልቶታል። እንግዲህ ባለ ኮቱ ሳፋውን ወሰደ። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ የዚያች ሚስት ልጅ በበሬ ያልፋል፤ «እማዬ ሳፋውን ለዛሬ ብቻ አለች» እያለ።

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ታስረው አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ቃሉ ዛሬ የቀረን ለአልጋ ቁራኛ ነው። ለእኔ ግን ሥራዬ ነው። የተጣሉ ጎረቤታሞች በእድር ተቋጥረዋል፤ አንዷ ስትሞት ሌላዋ መምጣት ግዴታዋ ነው፣ ቀሪ ብትሆን ትቀጣለች። መቅጫውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

እስካሁን ያወራሁት ይብዛም ይነስም ያስቃል። አሁን የምነግራችሁን ግን ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። የጌጡን ዓይነት፣ ዘመኑንና የዝምድናውን ነገር ለዋውጬዋለሁ፤ የአንገት ሀብል ነው እንበል።

አንዲት አባላችን ባሏ ሞቶባታል። ሀብሉን የሰጣት እሱ ነው። ለፋሲካ፣ ወይ ሰርግ ሲኖር ታወጣዋለች እንጂ ዘወትር አታደርገውም። ጎረቤቷ የእህቷን ልጅ ስትድር ለሁለት ቀን ወሰደችው፤ በሦስተኛው ቀን በነበረበት ጨርቅ ጠቅልላ፣ ዳቦ ከያዘ ሳህን ጋር መለሰችላት። ሳህን ባዶ አይመለስም አይደል። ከወራት በኋላ ባለቤቷ ስታወጣው ማያያዣው አጠገብ ቀልቷል፤ መዳብ መዳብ ይላል። በቀጥታ እኛ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ፣ ለውጣብኛለች። ወርቄን አስቀርታ አርቴፊሻል ሰጠችኝ።»

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ ወሳጇን ግን አጠቆራት። ልጆቿን ጠርታ ማለች። እኛም ከንፈር መጠጥን። አልደብቃችሁም፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ በፊት ሦስታችን ፈርደንባት ጨርሰናል። ለዚያ ሰርግ ዙሪያውን ተበድራ እንደነበር እናውቃለን፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? የቀረን ስንት ትክፈል የሚለው ነበር።

ለወጉ ያህል ሀብሉን ወርቅ ሠሪ ጋ ወሰድነው። ሰውየው የእድራችን አባል ነው፤ በ2016 የፒያሳ ሱቆች ሲፈርሱ ቦታ ከቀየሩት አንዱ። ሚዛን ላይ አላስቀመጠውም። ማያያዣውን ገልብጦ አየና ዝም አለ።

«ቅብ ነው» አለን ቆይቶ።

«እሱንማ እናውቃለን» አለው ዳኛው።

«አታውቁም። ይህን ማያያዣ የበየድኩት እኔ ነኝ። ብየዳው የእጄ ሥራ ነው። ባልየው ነው ያመጣልኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ቅብ መሆኑን ስነግረው ‹አውቃለሁ፣ እሷ ግን አታውቅም› አለኝ። ‹ያኔ እጄ አጥሮ ነው፤ ሲደላኝ በእውነተኛው እለውጥላታለሁ፣ አደራ› አለኝ።»

አልደላውም። ሞተ።

ታክሲ ውስጥ ሦስታችንም አልተነፈስንም። ከወረድን በኋላ ዳኛው «እንደ ክዳኖቹ ብናደርገውስ?» አለ። የምሩን ነበር፤ ተመልሰን የወርቅ ዋጋ ጠየቅን። የእድሩ የሻይ ሒሳብ ያንን አይችልም። በሞተ ሰው ላይ ደግሞ አፍ አይከፈትም፤ በተለይ ባሌ ወርቅ አሠርቶ ሰጠኝ እያለች በኖረች ሴት ፊት። እናም ተስማማን። ሁለቱንም ጠርተን «ጌጡ ያው ነው፣ አልተለወጠም» አልን። ውሸት አልተናገርንም።

«ታዲያ ለምን ቀላ?» አለች ባለቤቷ።

«ላብ ይሆናል» አለ ጸሐፊው፤ መሬት መሬት እያየ።

ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። «ስንት ሰጠቻችሁ?» አለችን።

ያችኛዋ ደግሞ ወደ በሩ እየሄድን ሳለ እጄን ይዛ ቀረች። «ንጹሕ ከሆንኩ ለምን በእድሩ ስብሰባ ፊት አትናገሩልኝም ጋሼ?» አለችኝ። ብንናገር ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ወርቁ የት ሄደ ብሎ ነው። «ጊዜ ይፈታዋል» አልኳት። ከዚያ የባሰ ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ወርቁን ለወጠች የሚለው ስም እስከ ዛሬ አብሯት አለ፤ ሦስት ሽማግሌ ለአንድ ሟች ክብር ብለን አንዲት ሕያው ሴት ላይ ጫንነው። ሌላ መንገድ ነበረን ወይ እያልኩ ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ። ዳኛው አልነበረንም ይላል። እኔ እንጃ።

ድንኳን ስተክል አሁን መጀመሪያ የማስበው ሁለቱ የት እንደሚቀመጡ ነው። አንዷን ከውስጥ፣ አንዷን በሩ አጠገብ አደርጋለሁ፤ ወንበር አደላዳዩ እኔ ስለሆንኩ ሰው አያስተውልም።

ባለቤቷ ሀብሉን ቤቷ አላስገባውም አለች። «ማስረጃ ነው፣ እናንተው ዘንድ ይቀመጥ፤ አንድ ቀን እውነተኛ ዳኛ ይመጣል» ብላ አስረክባኛለች። ያለ ፊርማ አልተወችኝም። ስለዚህ ክዳኖቹ አጠገብ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መዝገብ ላይ ማስፈር ነበረብኝ። «የዕቃው ስም» በሚለው ሥር ሀብል ብዬ ጻፍኩ። «ብዛት» በሚለው ሥር አንድ አልኩ። ቀጥሎ «የተሠራበት» የሚል ዓምድ አለ፤ እሱን ባዶ ተውኩት።